ከቤት የማይወጡትን ማን ይመዘግባል?

(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ሴፍቲኔት ነው፤ በተለይም ለአረጋውያን ስለሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ። በቀጠናችን የልየታ ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ፣ ከመመሪያው ይልቅ ሥራውን ባወራችሁ ይሻላል።

መነሻውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና አሳዳጊ ላጡ ሕፃናት እርዳታ እንዲመድብ ያዛል። የገጠሩ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከተማው አልተካተተም ነበር። የከተማው በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ። ለመጀመሪያው ምዕራፍ ከተያዘው 450 ሚሊዮን ዶላር 300ው ከዓለም ባንክ፣ 150ው ከመንግሥት ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ አካባቢ እያጸዳና እያለማ የሚከፈለው ነው። ሥራ ሳይጠየቁ በየወሩ ገንዘብ እንዲያገኙ የታሰቡት፣ ማለትም አቅመ ደካሞች፣ በእቅዱ 16 በመቶ ነበሩ።

ይህ ነገር ከሁሉ በፊት የሴቶች ጉዳይ ነው እላለሁ። ጡረታ ያለው ተቀጥሮ የሠራ ሰው ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ እንኳ በአዋጅ የተካተተው በ2003 ዓ.ም. ነው። ጉሊት ስትቸረችር፣ በሰው ቤት እንጀራ ስትጋግር፣ ከእንጦጦ ቅጠል ስትሸከም ያረጀች ሴት በስሟ የጡረታ ደብተር የላትም። ለእሷ ያለው ይኸው ድጋፍ ነው።

እንግዲህ ችግሩ ከምዝገባው ይጀምራል። ምዝገባ ሲኖር ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ስብሰባ ይጠራል። የሚመጣው ማነው? መራመድ የሚችል፣ ጆሮው የሚሰማ፣ የሚነግረው ሰው ያለው። አልጋ ላይ የዋለ አይመጣም። ስለዚህ በር ለበር መሄድ ግድ ነው፤ ግን የትኛው በር? በአንድ ግቢ ስድስት ሰባት አባወራ በሚኖርበት ሰፈር፣ ከጓሮ ማድ ቤት ውስጥ በደባልነት የሚኖሩ እናት ከውጭ አይታዩም።

በእኛ ቀጠና የረዳን የእድር መዝገብ ነው። አንዲት እናት ዓመታት ሙሉ ከቤት ሳይወጡ ኖረዋል፤ የቀበሌ መታወቂያቸውም ጊዜው አልፎበታል። ያገኘናቸው በእድሩ ገንዘብ ሰብሳቢ በኩል ነው። መዋጯቸው ተወዝፎ ሊሰረዙ ደርሰው ነበር። የመቀበሪያውን መዋጮ ያቋረጠ አረጋዊ ምግቡን ቀደም ብሎ ቀንሷል ማለት ነው፤ ለቀብሩ የማያስብ የለምና። ከዚያ ወዲህ የውዝፍ ዝርዝሩን ሳናይ ልየታ አንጀምርም።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ልጅ ያለበት ቤት ነው። ድጋፉ የሚታየው በቤተሰብ ስለሆነ፣ ጤነኛ ጎልማሳ ካለ ሠርቶ ያብላ ይባላል። በወረቀት ትክክል ነው። ልጁ ግን ሰክሮ የሚገባ፣ የእናቱንም የሚነጥቅ ከሆነስ? ይህን ቅጹ አይጠይቅም፤ ጎረቤት ነው የሚያውቀው። ጎረቤት ደግሞ በአደባባይ ስብሰባ ላይ አይናገርም፤ ለብቻው ቀስ ብሎ መጠየቅ አለበት።

ገንዘቡ በባንክ ሂሳብ ይገባል። መሄድ ለማይችሉት ወኪል ያወጣላቸዋል። ወኪሎች ብዙዎቹ ደጎች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። ቢሆንም ወኪሉ በሌለበት ቤት ገብቶ «እማማ፣ ስንት ደረሰዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። በወኪሉ ፊት ከተጠየቁ መልሳቸው ሁልጊዜ «ደርሶኛል ልጄ» ነው፤ ነገ ውኃ የሚያቀብላቸው እሱ ነዋ! ክፍያ ሲዘገይም ቀኑን ሄዶ መንገር ይገባል። ባለ ሱቁ ዱቤ የሚሰጠው ቀን ሲነገረው ነው።

ስለ በዓል ማዕድ ማጋራትም አንድ ነገር ልበል፤ ቅር እንዳይላችሁ። ዘይትና ዱቄት መስጠት መልካም ነው። ግን የሚጋግርላቸው የሌለ፣ ጥርሳቸውም ያለቀ እናት 25 ኪሎ ዱቄት ተሰጥቷቸው አይቻለሁ። ከአዳራሹ ቤት ድረስ የሚሸከም እንኳ አልታሰበም። እሳቸው የፈለጉት ከሰልና የአጥሚት እህል ነበር። ጠይቀን ብንሰጥ ምን አለበት? ደግሞ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ጥቅምትም ኅዳርም አለ።

አሁን የምጠይቃችሁ ይህን ነው። እያንዳንዳችን የየራሳችን እድር አለን። እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ ከእድራችሁ ጸሐፊ ጋር ተነጋገሩና ውዝፍ ያለባቸውን አረጋውያን ለዩ። ቤታቸው ሂዱ፤ ስማቸው እንዲያዝ ይፈቅዱ እንደሆነ እራሳቸውን ጠይቁ፤ እምቢ ካሉም ሳትጫኑ ሌላ ቀን ተመለሱ። መታወቂያ አላቸው ወይ? ማን ያቀምሳቸዋል? በማን ያምናሉ? እነዚህን ሦስቱን ጽፋችሁ ለጸሐፊያችን አስረክቡ። ወረቀቱን ወደ ወረዳ የማደርሰው እኔ ነኝ፤ ስምም ሳይያዝ ከቀረ ለቅሬታ ሰሚው አብረን እንሄዳለን።