ላም አለኝ በሰማይ! የወላይታ መሬትና በጀት ባለቤቱ ማነው?

(ቀጥሎ የቀረበው በወላይታ ዞን በፋይናንስ ሥራ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ አንድ ጡረተኛ በአዲስ አበባ በተካሄደ ውይይት ላይ ያሰሙት ንግግር ነው። - ዝግጅት ክፍሉ)



እኔ ፖለቲከኛ አይደለሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ደመወዝ ከፋይ ነበርኩ። የማውቀው ፔሮል ነው። ፔሮል ደግሞ አያባብልም፤ ገንዘቡ ከመጣ መጣ፣ ካልመጣ ቀረ። ዛሬ የምነግራችሁም ከመስኮቱ ጀርባ ሆኜ ያየሁትን ነው።

በመሬት ልጀምር። በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦና በምኒልክ ጦር ከተሸነፉ በኋላ መሬታችን ለዘማችና ለሹም ተደለደለ። ገበሬው በአባቱ ማሳ ላይ ገባር ሆነ። ሰማንያ ዓመት እንዲያ ተኖረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ አባቴ እንደ ሰርግ ቀን ጨፈረ። ጌታው ሄደ፤ መንግሥት በጌታው ወንበር ተቀመጠ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መጣ። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ነው ይላል። አርሶ አደሩ ያለ ክፍያ መሬት የማግኘትና ያለመነቀል መብት አለውም ይላል። ደስ ይላል! ግን መሬቱ ከየት ይምጣ? ወላይታ ሕዝብ የተጨናነቀበት አገር ነው። ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው እንደ ባለጸጋ የሚታይበት ቀበሌ አለ። አባት ለአራት ልጅ ሲያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የእንሰት ጓሮ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። አባቴ ሶዶ ዳር ሁለት ጥማድ መሬት ነበረው፤ እንሰትና ቡና። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ “ለልማት ይፈለጋል” ተባለ። የጽሕፈት ቤቱን ስም አልጠራም። እንሰቱ ተቆጠረ፣ ቡናው ተቆጠረ፣ ካሳ ተባለ። ያውም ከስንት ምልልስ በኋላ! ብዙም ሳይቆይ ያው መሬት በካሬ ሜትር ለሊዝ ጨረታ ወጣ። አባቴ ማስታወቂያውን አስነብቦኝ ዝም አለ። እስኪሞት ድረስ በዚያ መንገድ አላለፈም።

እርግጥ ነው ሕጉ በ2011 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በአዋጅ ቁጥር 1161 ለዘለቄታው የሚነሳ ገበሬ ካሳ ከአሥር ዓመት ገቢ ወደ አሥራ አምስት ዓመት ከፍ ብሏል። ጥሩ ነው። ግን ይህንን የሚከፍለው ማን ነው? ደመወዝ መክፈል ያቃተው አስተዳደር!

እዚህ ላይ ነው መሬቱና በጀቱ የሚገናኙት። ሕገ መንግሥቱ ለክልል የሰጠው ግብር የገጠር መሬት መጠቀሚያ፣ የገበሬ ገቢ፣ የክልል ሠራተኛ ደመወዝና የመሳሰለው ነው። ከግማሽ ሄክታር ምን ያህል ግብር ይወጣል? ስለዚህ ዋናው በጀት ከፌዴራል በድጎማ ይመጣል፤ ቀመሩን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያወጣል፣ ክልል ይቀበላል፣ ወደ ዞንና ወረዳ ይወርዳል። ወረዳ ላይ ሲደርስ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ለመንገድና ለውሃ የሚተርፈውን ተዉት።

ማዳበሪያውስ? ገበሬው በዱቤ ይወስዳል፤ ለባንኩ ዋስ የሚሆነው ክልሉ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ዕዳው አይከፈልም፤ ባንኩ ደግሞ ዋሱን ይዞ ከበጀት ይቆርጣል። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ የመምህራን ደመወዝ ለወራት ሲዘገይ ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ዕዳ ነበር። መምህሩ ያልዘራውን ማዳበሪያ ከፈለ ማለት ነው! “ጋሼ፣ ፔሮል ወጣ?” እያለ መስኮት ላይ ለሚቆም የልጆች አባት ምን ይባላል? እኔስ ስንት ጊዜ “ነገ ሞክር” ብዬ መለስኩ።

“ራስን በራስ ማስተዳደር” ስንል ብዙ ከፍለናል። በ1992 ዓ.ም. በወጋጎዳ መጽሐፍ ምክንያት ሶዶ ላይ ሰው ሞተ፤ በ1993 ዞን ሆንን። በታኅሣሥ 2011 የዞኑ ምክር ቤት ክልል እንሁን ብሎ ወሰነ። ነሐሴ 3 ቀን 2012 መሪዎቹ ከስብሰባ ላይ ታሰሩ፤ በተከተለው ተቃውሞ በሶዶና በቦዲቲ ሰዎች በጥይት ወደቁ። በ2015 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ የእኛው ተሰርዞ በሰኔ ወር ተደገመ። ምርጫው ከሌሎች ጋር በጋራ አዲስ ክልል መሆን ወይም በነበረው መቆየት ነበር፤ ለብቻ ክልል መሆን የወረቀቱ ላይ አልነበረም። ዛሬ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ነች። ሰሌዳው ተቀይሯል። ካዝናውስ?

ክልል የመሆን ጥያቄ መብት ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን የራሱ ገቢ የሌለው፣ ገበሬው በመሬቱ የማይተማመንበት አስተዳደር ዞን ቢባል ክልል ቢባል ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየወረዳው ስንት እንደመጣ፣ ስንት እንደተቆረጠና ለምን እንደተቆረጠ በየወሩ በቀበሌ ሰሌዳ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ካሳው በገበሬው እጅ ሳይገባ እንሰቱ አይነቀል፤ ከሊዙም ገንዘብ ድርሻ ይኑረው። ሦስተኛ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ከደመወዝ ጋር ይፋታ።

ይህ ደም የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ወረቀት፣ ሙጫና ድፍረት ይበቃዋል። ወረቀቱንና ሙጫውን እኛ ጡረተኞች አዋጥተን እንገዛለን። ድፍረቱን ወንበሩ ላይ ያሉት ያምጡ!