ሰው ሲቀመጥ የሚጠፋው መብራት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሮች ስም የተነገረ)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ባለፈው የክረምት ዕረፍት በአንድ ጓደኛችን ቤት ስለ ሠራነው ሥራ ለመናገር ነው። አሳባችን ሰው ወደ ሳሎን ሲገባ መብራቱ ራሱ እንዲበራ፥ ሰው ሲወጣም ራሱ እንዲጠፋ ማድረግ ነበር። የጓደኛችን አያት ዐይናቸው ስለ ደከመ ሲመሽ ማብሪያውን በዳበሳ ይፈልጉ ነበርና፥ ከሁሉ አስቀድመን ያሰብነው ለእርሳቸው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ ኤክስ ቴን የተባለ ዘዴ ተፈልስፎ፥ ትእዛዝን በቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ እየላከ መብራት ያበራና ያጠፋ ነበር። ዛሬ ኢ ኤስ ፒ 32 የተባለች፥ የክብሪት ሣጥን የምታህል መቆጣጠሪያ ትእዛዙን ያለ ሽቦ ትቀበላለች። እኛም እርስዋን፥ አንድ የእንቅስቃሴ ሴንሰርና አንድ ሪሌይ ገዛን። የ220 ቮልቱን ሽቦ ግን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንጂ እኛ አልነካንም።

በመጀመሪያው ማታ መብራቱ ገና እግራችን እንደ ገባ ቦግ ሲል የተሰማንን ደስታ መናገር አያስፈልግም። በሦስተኛው ማታ ግን እማማ ብቻቸውን ተቀምጠው ሬዲዮ ሲያዳምጡ መብራቱ ድርግም አለ። «መብራት ሄደ» ብለው ሻማ ፍለጋ ሲነሡ መልሶ በራ። ተቀመጡ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ጠፋ። በሦስተኛው ጊዜ ሻማ ለኩሰው ከመጋረጃው አጠገብ አኖሩ። ጓደኛችን ከውጭ ሲመለስ እርሳቸውን እንቅልፍ ወስዷቸው፥ ሻማው ነድዶ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት አገኘ። በማግሥቱ ሲነግረን ከመካከላችን የሳቀ አልነበረም።

ጥፋቱ የእኛ ነው። እንዲህ ያለው ሴንሰር ሰውን አያይም። ከገላችን የሚወጣውን፥ ለዐይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ጨረር ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ክፍሎች ይቀበላል፤ ምልክት የሚሰጠውም ጨረሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ለእርሱ ከወንበር አይለይም። እኛ ደግሞ ስንፈትነው ወዲያና ወዲህ እንሯሯጥ ነበር እንጂ አንድም ቀን እንደ እማማ ተቀምጠን አልፈተንነውም።

ስለዚህ በ24 ጊጋኸርዝ ሞገድ የሚሠራ የራዳር ሴንሰር ጨመርን። ይህኛው በትንፋሽ ጊዜ ደረት ከፍና ዝቅ ማለቱን እንኳ ይለያል። ከእርሱ ይልቅ የጠቀመን ግን ርካሹ ነገር ነው፤ የግድግዳው ማብሪያ ከሪሌዩ ጎን ለጎን እንዲያያዝ አደረግን። እማማ በእጃቸው ካበሩት ሴንሰሩ ሊያጠፋው አይችልም። መቆጣጠሪያዋም ከሩቅ አገር ኮምፒዩተር ትእዛዝ ስለማትጠብቅ፥ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራዋን አታቆምም። (ጭስ ጠቋሚም ሰቅለን ነበር፤ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ጎረቤት እስኪሰማ ስለ ጮኸ በእማማ ትእዛዝ ወደ መኝታ ቤቱ በር ተዛውሯል።)

የመሣሪያው አምሳያ ዛሬ በፊዚክስ ክፍል ይገኛል፤ አሮጌው ሴንሰር በቀኝ፥ አዲሱ በግራ ተሰቅሏል። ከቡናው በኋላ የምትመጡ ወላጆች በፊታቸው ባለው ወንበር ላይ ለሦስት ደቂቃ ያህል ሳትንቀሳቀሱ እንድትቀመጡልን እንለምናለን።