ጨው ሰምርፊልኝ

(ብራሰልስ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ከጋራ ገንዘባችን ለልጆች የኮሚክ መጻሕፍት ይገዛ ስንል፣ «የቤት ኪራይ ያስጨነቃት እህት እያለች ለካርቱን ገንዘብ ይወጣል ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዘው እኛው ስለሆንን ከማንም በፊት ራሳችንን ጠይቀናል። (ለማንኛውም የገዛነው አሮጌ ነው፤ ደረሰኙ ፋይሉ ውስጥ አለ።) ዛሬ ግን ስለ ዋጋው ሳይሆን ስለ ምክንያቱ እንነጋገር።

የምንኖርበት አገር የኮሚክ አገር ነው። ቲንቲን በ1929 እ.ኤ.አ. የጀመረው እዚሁ ብራሰልስ ነው። እነዚያ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰማያዊ ፍጥረቶችም በ1958 የተወለዱት በቤልጂጋዊው ሠዓሊ በፔዮ እጅ ነው። ፔዮ ከባልደረባው ጋር ምግብ ላይ ሳለ ጨው የሚለው ቃል ጠፍቶበት «ሽትሩምፍ» የሚል ከአፉ አመለጠው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ፍጥረቶቹ ያሻቸውን ቃል እያነሡ በቦታው ይህንኑ ይተካሉ። ዓለም የሚያውቀው «ስመርፍ» ደግሞ ከደች ትርጉሙ የመጣ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፔዮ የስመርፎችን የቋንቋ ጠብ ጻፈ። የሰሜኖቹና የደቡቦቹ ስመርፎች የቡሽ መንቀያን ስም በተለያየ መንገድ ይጠራሉ፤ በዚህች ብቻ መንደሩ ለሁለት ይከፈላል። ልጆቹ ይስቃሉ። ትልልቆቹ ግን ነገሩ ስለ ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። የቤልጂግ የቋንቋ ድንበር በሕግ የተሰመረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1968 በሉቨን ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ መንግሥት ወደቀ፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ወገን ወጥቶ አዲስ ከተማ ተሠራለት። ቤተ መጻሕፍቱም ተከፈለ። እንዴት ቢሉ፣ ብዙው መጽሐፍ በመደርደሪያ ቁጥሩ፣ ጎዶሎው ለአንዱ፣ ሙሉው ለሌላው! እኛ የሒሳብ ሰዎች እንኳ እንዲህ ያለ ክፍፍል አይተን አናውቅም።

ከአስቴሪክስ የተማርነው ግን ይበልጣል። ይህ በ1959 በፈረንሳይ የጀመረው ታሪክ ሮማውያን ድል ስላልነሡት የጎል መንደር ነው። የሰዎቹ ስም በ«ኢክስ» የሚያልቀው ቬርሲንጌቶሪክስ ከተባለው እውነተኛ መሪ ስም ተወስዶ ነው፤ «ሪክስ» በጎሎች ቋንቋ ንጉሥ ማለት ሲሆን የላቲኑ «ሬክስ» ዘመዱ ነው። በመጽሐፉ መንደሩ አልተሸነፈም። በእውነተኛው ታሪክ ግን መንደሩም ቋንቋውም ተሸነፈ፤ የዛሬው ፈረንሳይኛ የላቲን ልጅ ነው። ከጎሎች ቋንቋ የቀሩለት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም የእርሻና የደጅ ቃላት ናቸው፦ ማረሻ፣ በግ፣ የባሉጥ ዛፍ። የሕግና የጽሑፍ ቃል ከላይ መጣ፤ ገበሬው በእጁ የያዘው ብቻ ቀረ።

ይህን ስናነብ ደነገጥን። የልጆቻችንን አማርኛ እስቲ እናስታውስ፦ «ነይ»፣ «ብላ»፣ «ውሃ»፣ «እንጀራ»፣ «ተኛ»። እንደ ጎሎቹ የጓዳና የደጅ ቃል ብቻ! የእነሱ ቋንቋ እስኪጠፋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ፈጅቷል፤ የእኛ በአንድ ትውልድ እየሆነ ነው። አንዱ ልጅ ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት፣ የአክስቱ ልጅ ደች ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ በዓል ቀን ሲገናኙ በስልክ ጨዋታ ካልሆነ አይግባቡም። እናት ደግሞ በሦስቱ መካከል ቆማለች።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ በየትኛውም ቋንቋ ያነብባሉ፤ ከዚያ ሥዕሉን እያሳዩ ለእናቶች በአማርኛ ይተርካሉ። ሥዕሉ ስላለ ቃል ሲጠፋቸው እናቲቱ አይታ ታቀብላለች። ማንበብ ያልተማሩ እህቶቻችንም እዚህ ላይ አስተማሪ ይሆናሉ።

«ቲንቲን በኮንጎ» የተባለውን ግን መደርደሪያው ላይ አላስቀመጥንም። አፍሪካውያኑን ከነአፋቸው የተኮላተፈ ፈረንሳይኛ እያናገረ ይሳለቅባቸዋል። አንድ የኮንጎ ተወላጅ እዚህ ብራሰልስ ፍርድ ቤት አቁሞት በ2012 ተፈርዶበታል። ፍርዱን እናከብራለን፤ መደርደሪያው ግን የእኛ ነው። የቋንቋ ሰባራነት እየተባለ በየቢሮው የሚሳቅብን እኛ፣ ያንን ለልጆቻችን በገንዘባችን አንገዛም። ከመካከላችን «ይቀመጥና እናስረዳቸው» ያሉም አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም።

ባለፈው ቅዳሜ ከልጆቹ አንዱ፣ አማርኛ ሲናገር ሰምተነው የማናውቅ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ምሳ ላይ «እማዬ፣ ጨው ሰምርፊልኝ» አለ። ማንም አላስተማረውም። «ገልብጪልኝ» እንደሚባለው አድርጎ ራሱ ረባው፤ ስ፣ ም፣ ር፣ ፍ፦ አራት ፊደል ያለው ግሥ። ሌሎቹ ተቀበሉትና «ሰመረፈ፣ ይሰመርፋል» እያሉ ቤቱን አናወጡት። እናቱ ጨውን ያቀበለችው እያለቀሰች ነው።

መደርደሪያው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። በአንድ ጊዜ የምናውሰው ሁለት መጽሐፍ ብቻ ነው፤ መውሰዱንም መመለሱንም እንመዘግባለን።