የጎተራው መነሻ
(ስለ ቀጥታ መሥመር ግራፍ ለሒሳብ ክበብ የተደረገ ንግግር)



ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች ለዛሬ የመረጥነው ርእስ ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የቀጥታ መሥመር ግራፍ ነው። «ይህንማ ማን ያጣዋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ብዙዎቻችን «ዋይ ኢንተርሴፕት» ሲባል ኤክስን ዜሮ አድርገን ቁጥር እናወጣለን እንጂ፥ የወጣው ቁጥር ምን እንደሚል አንጠይቅም። ስለ ስሎፕ አንድ ሳምንት ስንማር ለመነሻው የሚተርፈው ግማሽ ሰዓት ነው። በእኛ አገር በኩል ግን ጉዳዩ ያለው ከመነሻው ላይ ነው።

ምሳሌያችን ጎተራ ነው። በጉና ተራራ ግርጌ ገብስ የሚያርስ አንድ ቤት በታኅሣሥ 12 ኩንታል ወቃ እንበል። 2 ኩንታል ለዘር ያስቀምጣል፤ 1 ኩንታል ለአበዳሪው እዚያው አውድማ ላይ ይሰፍራል። ጥር 1 ቀን ጎተራው ውስጥ ያለው እንግዲህ 9 ኩንታል ነው። ቤቱ በወር 1 ኩንታል ቢበላ፥ ያለፉትን ወራት ኤክስ፥ የቀረውን እህል ዋይ ብለን፥ ዋይ = 9 − ኤክስ እንጽፋለን።

ለመሳል ሁለት ነጥብ ይበቃል። ኤክስ ዜሮ ሲሆን ዋይ 9 ነው፤ ይህ ነጥብ በቋሚው መሥመር ላይ ያርፋል፥ መነሻው እርሱ ነው። ዋይ ዜሮ ሲሆን ኤክስ 9 ነው። ሁለቱን በማስመሪያ ስናገናኝ መሥመሩ አግድሙን የሚነካው በመስከረም መጨረሻ፥ እሸት በሚደርስበት ሰሞን ይሆናል። (ጳጉሜን ለስሌት እንዲመች ትተናታል፤ ሆድ ግን አይተዋትም።)

ጎረቤቱ ያስገባው 6 ኩንታል ነው፤ ዋይ = 6 − ኤክስ። ሁለቱ ቤቶች እኩል ስለሚበሉ መሥመሮቹ ትይዩ ናቸው፤ የሚለያቸው መነሻው ብቻ ነው። የጎረቤቱ ጎተራ በሰኔ መጨረሻ ይራቆታል። ከዚያ በኋላ ቀመሩ −1፥ −2፥ −3 ይላል። ጎተራ ከባዶ በታች አይወርድምና «ይህ ትርጉም የለውም» ብሎ ማለፍ ይቀላል። አለው እንጂ! 3 ኩንታል ጎደለ ማለት 3 ኩንታል ብድር ማለት ነው፤ ብድሩም በሚመጣው ታኅሣሥ ከአውድማው ተሰፍሮ የሚቀጥለውን ዓመት መነሻ ዝቅ ያደርጋል።

እውነተኛው መሥመር እንዲህ ቀጥ ያለ እንዳልሆነ እናውቃለን። እንግዳ አለ፥ ዝክር አለ፥ አይጥ አለ። እናቶቻችንም ያለ ወረቀት ያዩታልና ገና በየካቲት ቂጣውን ያሳንሳሉ፤ ይኸውም ስሎፑን ማለዘብ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በላይ ጋይንት፥ በታች ጋይንትና በስማዳ ለተመዘገቡ ቤተሰቦች በዓመት ለ6 ወር ያህል እህል ወይም ገንዘብ ሲሰጥ ቆይቷል። ጎረቤቱ ከጥር እስከ ሰኔ በወር ግማሽ ኩንታል ቢያገኝ፥ ለእነዚያ ወራት ዋይ = 6 − ½ኤክስ ይሆናል። በሰኔ መጨረሻ 3 ኩንታል ይተርፈውና እርሱም መስከረምን ይወጣል። መነሻው ግን ያው 6 ነው፤ የተለወጠው ስሎፑ ነው።

መነሻውን ከፍ ሊያደርገው የሚችለው ያው ሰው ለእርዳታው ምላሽ የሚሠራው እርከን ነው፤ አፈሩ ተይዞ ምርቱ ከጨመረ። ይህን ለማየት የአንድ ዓመት መሥመር አይበቃም፤ ለየዓመቱ አንዳንድ መሥመር አስምሮ መነሻዎቹን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። ባለ ካሬው ወረቀት ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ማስመሪያ ያላችሁ ለሌላቸው አውሱ።