ዕቃ ስናጥብ ውኃና ማገዶ እንቆጥብ
ለማኅበረ ምዕመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከጓዳ የወጣ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጀሪካን ለሚሸከም ሰው ግን ቀላል አይደለም።

እንደሚታወቀው የገፈርሳ ግድብ የሚገኘው በቡራዩ አጠገብ ነው። ውኃው ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ለአዲስ አበባ ሲደርስ ኖሯል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ከተሞች ውኃ በፈረቃ የሚጠብቁ ቤቶች ብዙ ናቸው። ቧንቧው በማይመጣበት ቀን ጀሪካኑን የሚያነሣው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሴት ልጅ ወይም ሠራተኛዋ ናት። 20 ሊትር የሚይዘው ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል።

እኛም ከጥፋቱ ነፃ አይደለንም። አንድ ጊዜ ከስብሰባ በኋላ ቧንቧ ከፍተን ሳሕን ስናጥብ የተጠራቀመው ውኃ አለቀ። በማግስቱ ለመጡት እናቶች ሻይ ማፍያ አጣን፤ የጠራናቸውም ስለ ውኃ አያያዝ ልናስተምራቸው ነበር! ከዚያ ወዲያ ለካን። ቧንቧችን አንድ ጀሪካን በ3 ደቂቃ ይሞላል። በመሆኑም 15 ደቂቃ ተከፍቶ ሲቆይ 5 ጀሪካን፣ ማለትም 100 ሊትር ይፈሳል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ሰው መሠረታዊ ፍላጎት በቀን 20 ሊትር ያህል ስለሚል፣ የ5 ሰው የቀን ውኃ በአንድ እጥበት ሄደ ማለት ነው።

አሁን የምንሠራው እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፣ የወጡ ቅባት ሳይደርቅ በተራረፈ እንጀራ ጠርገን እናወጣለን፤ ያረረውን ድስት እንዘፈዝፋለን።

ሁለተኛ፣ ሁለት ሳፋ እናዘጋጃለን፤ አንዱ ለሳሙና፣ ሌላው ለማለቅለቂያ። ብርጭቆና ስኒ ይቀድማል፣ ሳሕንና ማንኪያ ይከተላል፣ ድስት መጨረሻ ነው። አረፋ በበዛ ቁጥር ማለቅለቂያውም ስለሚበዛ ሳሙናው ጥቂት ይሁን። የሳሕኑ ማለቅለቂያ ለድስቱ መዘፍዘፊያ፣ የመጨረሻው እጣቢ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሙቅ ውኃ የምንጠቀመው ለቅባታም ዕቃ ብቻ ነው። 20 ሊትር ውኃ በ30 ዲግሪ ለማሞቅ 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይጠፋል። እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ ረመጡ ላይ ማንቆርቆሪያ መጣድ፣ ወይም ጀሪካኑን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ማቆየት ይበቃል። ከእንጦጦ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ ያየናቸውን እናቶች እናስታውስ። መብራታችንም ቢሆን አብዛኛው ከግድብ ውኃ የሚመነጭ ነው።

ነገር ግን ቁጠባ ማለት ንጽሕና ማጉደል አይደለም። ማለቅለቂያው ሲደፈርስ ይለወጥ። ከእጅ መታጠቢያና ከሕፃናት ዕቃ ላይ አንቆጥብ። የታጠበውንም በእርጥብ ጨርቅ ከመወልወል ይልቅ ንጹሕ ቦታ ላይ ደፍቶ ማድረቅ ይሻላል።

በመጨረሻ የምንለምናችሁ ይህን ነው። ለሌላው ከማስተማራችሁ በፊት በዚህ ሳምንት በየቤታችሁ ለኩ፤ ወንዶች ልጆችም ከሳፋው ፊት ይቀመጡ። ከእጥበቱ አንድ ጀሪካን ከተረፈ፣ አንዲት ልጅ አንድ ጉዞ ቀረላት ማለት ነው።