ጊዜያዊው ፈቃድ ቋሚ የሚሆንበት መንገድ



በባዕድ አገር የሚሠራ መሐንዲስ የሚይዘው ፈቃድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሥራ ውል ላይ የተመሠረተና ቀን የተቆረጠለት ጊዜያዊ ፈቃድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥራ ቢለወጥም የማይናጋ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የሚወስደው መንገድ የሚጀመረው ጊዜያዊው ሊያልቅ ሲቃረብ ሳይሆን በእጅ በገባበት ዕለት ነው። ለዚህም የጀርመን አገር ታሪክና ሕግ ጥሩ አስረጂ ይሆናል።

ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1955 ከኢጣሊያ፣ በ1961 ደግሞ ከቱርክ ጋር የሠራተኛ ቅጥር ስምምነት ተዋዋለች። ከቱርክ የሚመጣው ሠራተኛ ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይቆይ ተወስኖ ነበር። ይሁን እንጂ አሠሪዎች ያሠለጠኑትን ሰው ማጣት ስላልፈለጉ ገደቡ በ1964 ተነሣ። በ1973 አዲስ ቅጥር ሲቆም፣ አንዴ የወጣ ሠራተኛ ተመልሶ መግባት የሚቸግረው ስለ ሆነ፣ ብዙዎቹ ቤተሰባቸውን አስመጥተው እዚያው ቀሩ። «እንግዳ ሠራተኛ» የሚለው ስም ግን አገሪቱንም ሠራተኞቹንም አዘናግቶ ነበር፤ ቋንቋ ማስተማርም ሆነ መማር የነገ ጉዳይ እየተባለ ዓመታት አለፉ።

የዛሬው ሕግ በአንጻሩ ጊዜያዊውን ዘመን እየቆጠረ ዋጋ ይሰጠዋል። በሙያው ተቀጥሮ በሕግ የተወሰነውን ደመወዝ የሚያገኝ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የአውሮፓ ኅብረትን ሰማያዊ ካርድ ሊያገኝ ይችላል። ባለካርዱ 27 ወር ከሠራ፣ ለእነዚሁ ወራት የጡረታ መዋጮ ከተከፈለለትና መሠረታዊ ጀርመንኛ ካወቀ፣ ራስን እንደ መቻልና በቂ መኖሪያ እንደ መያዝ ያሉትን ሌሎች ግዴታዎች አሟልቶ ቋሚ ፈቃድ ይጠይቃል። የቋንቋ ችሎታው ቢ1 ከሚባለው ደረጃ ከደረሰ ግን 21 ወር ይበቃዋል። እንግዲህ የማታ ትምህርት ስድስት ወር ያተርፋል ማለት ነው።

ስለዚህ ባለሙያው የጡረታ መዋጮው በየወሩ መከፈሉን ማረጋገጥ፣ የደመወዝ ወረቀቶቹንም አንድ ሳይጥል ማስቀመጥ ይገባዋል። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ሥራ ቢለውጥ ለሚመለከተው የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ግዴታው ነው።

ጉዳዩ የወረቀት ብቻ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዱ በአሠሪው ውል ላይ የተንጠለጠለ መሐንዲስ፣ ጉድለት ያለበት ንድፍ ሲቀርብለት «አልፈርምም» ማለት ይከብደዋል፤ ሥራውን ቢያጣ ቤቱንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ጭምር ሊያጣ ይችላልና። ቋሚ ፈቃድ የሙያ ነጻነትም ዋስትና የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው ፈቃድ ዜግነትን አያስለውጥም፤ ኢትዮጵያዊው ኢትዮጵያዊ እንደ ሆነ ይኖራል። ነገር ግን ለሥራም ሆነ ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ አስቀድሞ ሳያስፈቅድ ከስድስት ወር በላይ ቢቆይ በአብዛኛው ፈቃዱ ይሻርበታል። ስለሆነም በትጋት የተገኘው መብት በዝንጋታ እንዳይጠፋ፣ የመሄጃውን ቀን ከመቁረጡ በፊት ሕጉን መመልከት ይኖርበታል።