ነጭ አዝሙድና የመሐንዲስ ድርሻ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በአዳማ ከተማ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ላቀርብላችሁ የመረጥሁት ርእስ ለመሐንዲሶች ጉባኤ ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። ርእሱ ነጭ አዝሙድ ነው፤ ይኸውም በርበሬና ሽሮ ውስጥ የሚገባው፣ ሆዱን ለሚቆርጠው ሰው እናቶቻችን የሚሰጡት ጥቃቅን ፍሬ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ፍሬ ዙሪያ ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ በእኛ ሙያ ክልል የሚወድቁ መሆናቸውን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ስሙን ማጥራት ይገባል። የዕፀዋት ሊቃውንት ተክሉን ካሩም ኮፕቲኩም በሚል ስም ካራዌይ ከሚባለው ቅመም ወገን መድበውት ቆይተዋል፤ ዛሬ የሚታወቀው ትራኪስፐርሙም አሚ በሚለው ስም ነው። ከከሙንና ከድንብላል ጋር አንድ ቤተሰብ ሲሆን፣ ከጥቁር አዝሙድ ጋር ግን የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። ስለዚህ የሽያጭ ውል የሚዋዋል ሁሉ የትኛውን አዝሙድ እንደሚሸጥ ለይቶ መጻፍ አለበት።

የፍሬው ዋጋ ያለው በዘይቱ ነው። ከክብደቱ በመቶ ከ2 እስከ 4 የሚደርሰው ተናኝ ዘይት ሲሆን፣ የዘይቱ ዋነኛ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ተሐዋስያንን የሚገድለውና ለአፍ መጉመጥመጫ የሚውለው ቲሞል ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ህንድ ፍሬውን ወደ ጀርመን ትልክ ነበር፤ ቲሞሉን የሚያወጡት ግን የጀርመን ፋብሪካዎች ነበሩ። በ1914 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲነሣ ያ ንግድ ተቋረጠ። ፍሬ ብቻ የሚሸጥ አገር በሌላው አገር ፋብሪካ ላይ ጥገኛ እንደሚሆን ከዚህ እንማራለን።

ይህ ነገር የስምጥ ሸለቆን ከተሞች ለምን ይመለከታል? ከሞጆ እስከ መቂና ባቱ ያለው ገበሬ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል። ቲማቲም በየማሳው በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል፤ ያልተሸጠውም ይበሰብሳል። የውኃውም ነገር የሚያሳስብ ነው፤ የአብያታ ሐይቅ ከቀድሞ ዳርቻው ምን ያህል እንደሸሸ በመንገዱ ያለፈ ሁሉ አይቶታል። ደረቅ ፍሬ ግን ገበያው እስኪሻሻል በጆንያ ሊቆይ ይችላል። ገበሬው ቲማቲሙን ይተው አልልም፤ ከማሳው ጥቂቱን ለእንዲህ ያለ ሰብል ቢመድብ ግን በአንድ ገበያ መውደቅ ብቻ ባዶ እጁን አይቀርም።

መሐንዲስን የሚጠብቁት ሥራዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ዘሩ ነው። ሺህ ያህሉ ፍሬ አንድ ግራም ገደማ ስለሚመዝን በእጅ ሲበተን አንዱ ቦታ ይታፈናል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል። ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መዝራት ይረዳል፤ በመስመር የሚያወርድ ቀላል መሣሪያ ግን ይበልጣል። ሁለተኛው ውቂያና ማጥራት ነው። ፍሬው ሲደርቅ ስለሚረግፍ ጠል ሳይለቅ በማለዳ ማጨድ፣ ዘይቱም እንዳይተን በጥላ ሥር ማድረቅ ያስፈልጋል። በአውድማ ላይ ነፋስ ጭዱን ከፍሬው ጋር ይወስዳል፤ መፍትሔው ተስማሚ ወንፊትና ልኩ የሚስተካከል ማራገቢያ ነው።

ሦስተኛው ዘይቱን ማውጣት ነው። ቲሞል ብቻውን የሚፈላው በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢሆንም፣ ከውኃ ጋር እምብዛም ስለማይዋሐድ በእንፋሎት ታጅቦ ውኃ ከሚፈላበት ሙቀት በታች ይወጣል። አረቄ የሚያወጡ እናቶች እንፋሎቱን በሸምበቆ አሳልፈው በውኃ ሲያቀዘቅዙ የሚሠሩበት ዘዴም ለዚህ ቅርብ ነው። የእኛ ድርሻ ጥቂት ውኃ የሚፈጅ፣ ቲሞሉ ረግቶ ቱቦውን የማይዘጋበት ማቀዝቀዣ መንደፍ ነው። ማገዶው የሸለቆው ግራር ከሆነ ግን ያተረፍነውን መልሰን እናጠፋለን፤ ስለዚህ የምድጃው ቁጠባ ከዲዛይኑ ጋር አብሮ ይታሰብ።

ነጭ አዝሙድ በአገራችን ይበልጡን የደጋና የወይና ደጋ ሰብል በመሆኑ በዚህ ሸለቆ በሙከራ መጀመር ይገባል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ጎረቤታችን ነው። ማኅበራችን ከማዕከሉ ጋር ተመካክሮ በአንድ ማሳ ላይ ውኃውን፣ ምርቱንና ዘይቱን ለክቶ ውጤቱን በዚሁ መጽሔት እንዲያወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። ውጤቱ ባያዋጣም ገበሬው በራሱ ገንዘብ ከመሞከሩ በፊት እውነቱን ነግረነው ይሆናል።